ለትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ሞተር አዲስ ፒስተን መሥራት፦ ከቶርኖ እስከ ማለማመድ

የሞዴል አውሮፕላን ሞተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው የነዳጅ መርፌውን ነው። ቀጥሎ ነዳጁን ይቀይራል። ከዚያ ፕሮፔለሩን ክንዱ እስኪዝል ይመታል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ውስጥ ነው። ፒስተኑ ተበልቷል።

ከእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ፋሻ፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት፣ የላቸውም። በመኪና ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ትንሽ ላላ ብሎ ይሄዳል፤ የታመቀውን አየር የሚይዘው ፋሻው ነው። እዚህ ግን አየሩን የሚይዘው የፒስተኑና የሲሊንደሩ መግጠም ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። እኛ የምንጨነቀው ለ3 እና ለ5 ማይክሮን ነው።

ሞተር ማሻሻል ሲባል ብዙዎች ቶሎ ሞረድ ያነሳሉ። የጭስ መውጫውን መስኮት ያሰፋሉ፤ የአየር መግቢያውን ይቦረቡራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መግጠሙ ይስተካከል። ቀጥሎ የፒስተኑ ክብደት ይታይ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አየር የሚያፈስ ሞተር መስኮቱ ቢሰፋ ትርፉ ድካም ነው። በደንብ የገጠመ ሞተር ግን ምንም ሳይነካ በአንድ ምት ይነሳል፤ ሲሞቅም ጉልበቱ አይከዳውም።

የትኛው ሞተር?

እዚህ የምንሠራው ለዲዝል ሞዴል ሞተር ነው። ይህ ዓይነት ሻማ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው በእምቅታ፣ ማለትም አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት፣ ብቻ ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ በብዛት ተሠርቷል፤ ሚልስ 1.3 የተባለው ታዋቂ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የወጣው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የአረብ ብረት ሲሊንደርና የካስት አይረን (ቀልጦ የፈሰሰ ብረት) ፒስተን። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ የሚለጠጡት በጣም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሆኖ የገጠመው ሲሞቅም እንደገጠመ ይቆያል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ለምሳሌ የምወስደው 1.25 ሲሲ የሆነ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 12 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 11 ሚሊሜትር። የእናንተ ሞተር መጠኑ ቢለይ ቁጥሮቹን ከአሮጌው ፒስተን ላይ ለክታችሁ ቀይሩ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሞተራችሁ የአሉሚኒየም ፒስተንና ውስጡ ክሮም የተለበጠ የናስ ሲሊንደር ካለው ይህን መመሪያ አትከተሉ። የዛሬ ሞተሮች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ናሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሚሊዮን 19 ያህል ይለጠጣል። ብዙ ሲሊከን ያለበት የፒስተን አሉሚኒየም ደግሞ 17 ወይም 18 ያህል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከፒስተኑ በልጦ ይሰፋል። ይህ ታስቦበት ነው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ጥብቅ የሚለው፤ አንዳንዴም ይጮኻል። ጤነኛ ነው። ይህን ጥብቀት እንደ ብልሽት ቆጥሮ የፈተገ ሰው አዲስ ሞተር በአሥር ደቂቃ ይገድላል።

ጥፋተኛው ፒስተኑ ነው?

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከዚያ አልነሳም ይላል? የታወቀው ምልክት ይህ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የሰፋውን ክፍተት መድፈን ያቅተዋል።

ለማረጋገጥ በጭስ መውጫው መስኮት ሁለት ሦስት ጠብታ ወፈር ያለ ዘይት ጨምሩ። ፕሮፔለሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። እምቅታው ወዲያው ከተመለሰ የሚያፈሰው በፒስተኑ ዳር ነው። ካልተመለሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የዲዝል ሞተር ከላይ ኮንትራ ፒስተን የሚባል ሌላ ትንሽ ፒስተን አለው፤ እምቅታውን የምናስተካክለው እሱን በብሎን ወደ ታች በመግፋት ነው። በብሎኑ ዙሪያ ዘይት ጠብ አድርጉና ፕሮፔለሩን ወደ እምቅታው ገፋ አድርጉ። አረፋ ከወጣ ችግሩ እዚያ ነው።

ሞተሩን ስትፈቱ አትታገሉት። የደረቀ የጉሎ ዘይት እንደ ማጣበቂያ ይይዛል። በሞቀ አየር አሙቁት፤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ከሁሉም በላይ ካቻቢቴ በጭስ መስኮቱ አስገብታችሁ ፒስተኑን አትግፉ። አንዲት ጭረት ሲሊንደሩን ታበላሸዋለች። ፒስተኑን ከማውጣታችሁ በፊት ወዴት እንደሚመለከት ምልክት አድርጉ።

ከዚያ በማይክሮሜትር ለኩ። ፒስተኑን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሁለት አቅጣጫ። ስድስቱን ቁጥሮች ጻፏቸው። ክብነቱን የለቀቀ ፒስተን እዚህ ላይ ይታወቃል። የአናቱን ውፍረት፣ የፒኑ (ፒስተኑን ከቢዬላው፣ ማለትም ከሚገፋው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) ቀዳዳ ከአናቱ ያለውን ርቀት፣ ጠቅላላ ቁመቱንም ለክታችሁ ያዙ። አዲሱ ፒስተን በእነዚህ ቁጥሮች ነው የሚሠራው።

ሲሊንደሩ ይቅደም

ፒስተን ከሲሊንደር በፊት አይሠራም። ፒስተኑን እንደምንፈልገው ማሳነስ እንችላለን፤ የሰፋ ሲሊንደር ግን አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሊንደሩን አስተካክላችሁ፣ ፒስተኑን በሱ ልክ ትሠራላችሁ።

ሲሊንደሩን የምናስተካክለው በመፈተጊያ፣ ማለትም ደቃቅ ዱቄት ተቀብቶ ውስጡ በሚሽከረከር ዘንግ ነው። መፈተጊያው ከሲሊንደሩ ብረት የለሰለሰ መሆን አለበት። መዳብ፣ ናስ ወይም አሉሚኒየም ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የዱቄቱ ደቃቅ ፍሬ ለስላሳው ብረት ውስጥ ይቀበራል፤ እዚያው ተይዞ ጠንካራውን ይቆርጣል። ዘንጉን ከሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 0.02 ሚሊሜትር ያህል አሳንሳችሁ ቶርኖ ላይ አውጡት። ርዝመቱ የስፋቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ጫፉን በስታችሁ በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ሾጣጣ ብሎን ሲገባበት ቀስ ብሎ እንዲሰፋ።

ቶርኖውን በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ዙር ብቻ አሽከርክሩ። መፈተጊያው ላይ ቀጭን ዘይት የተቀላቀለበት 600 ቁጥር የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ቀቡ። ሲሊንደሩን በጣታችሁ ያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላልሱት፤ እግረ መንገዳችሁንም አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። አያያዛችሁ ለቀቅ ያለ ይሁን። መፈተጊያው ድንገት ሲሊንደሩን ከያዘው ልቀቁት። ጓንት ወይም ጨርቅ በፍጹም አይሁን፤ የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ይዞ ጣት ይጠቀልላል።

የሚፈለገው ቅርጽ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አይደለም። ከታች ትንሽ ሰፋ፣ ከላይ ትንሽ ጠበብ ያለ ነው። ልዩነቱ ከ5 እስከ 8 ማይክሮን ይበቃል። ፒስተኑ ታች ሲሆን በነፃነት ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እምቅታው በሚበረታበት ቦታ ይገጥማል። ይህን ለማግኘት የታችኛውን ክፍል ከላይኛው ይልቅ ደጋግሞ መፈተግ ነው። የኮንትራ ፒስተኑን ማረፊያ አትንኩ። ያ ቦታ ከሰፋ ኮንትራ ፒስተኑ ይላላና እሱንም አዲስ መሥራት ግድ ይሆናል።

ጭረቶቹ ጠፍተው ውስጡ አንድ ወጥ ግራጫ ሲሆን በነጭ ጋዝ እጠቡ። ከዚያ በ1000 ቁጥር ዱቄት፣ በሌላ አዲስ መፈተጊያ ጨርሱት። የሻካራውን ዱቄት መፈተጊያ ለለስላሳው አትጠቀሙበት፤ የተቀበረው ፍሬ በማጠብ አይወጣም።

ፒስተኑን ቶርኖ ላይ ማውጣት

ብረቱ ጥራት ያለው ግራጫ ካስት አይረን ይሁን። በዘንግ መልክ የሚሸጠው ምርጥ ነው። የስፖርት ክብደት፣ የአሮጌ ምድጃ ቁራጭና የመሳሰለው አይሆንም። እነሱ ውስጥ ባዶ ቦታና መቁረጫ የሚሰብር ጠንካራ ነጠብጣብ ይገኛል። ከዘንጉም ቢሆን የውጭ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ከ12 ሚሊሜትር ፒስተን ለማውጣት 18 ወይም 20 ሚሊሜትር ዘንግ ውሰዱ።

ቶርኖ ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ለባለሙያው አስረግጣችሁ ንገሩት። የከባድ መኪና ዕቃ የለመደ ቶርኖ ሠራተኛ ልኩን በትክክል አውጥቶ ሊሰጣችሁ ነው የሚፈልገው፤ ሙያውም ይህ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ከልኩ 0.03 ሚሊሜትር የወፈረ ፒስተን ነው። ያ ትርፍ በፍትጊያ የሚወጣ ነው።

ካስት አይረን ደረቁን ይቆረጣል፤ ማቀዝቀዣ ውሃ አያስፈልገውም። አቧራው ግን ጥቁርና በላተኛ ነው። የቶርኖውን ሐዲድ በጋዜጣ ሸፍኑ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ጭምር።

ዘንጉን ቻክ (የቶርኖው መያዣ) ውስጥ አስራችሁ 35 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አውጡ። የፒስተኑ ክፍት አፍ ወደ እናንተ፣ አናቱ ወደ ቻኩ ይሁን። ውጩን 12.3 ድረስ አውርዱ። ውስጡን በ7 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ) ብሱና በውስጥ መቁረጫ ወደ 8 ሚሊሜትር አስፉት፤ አናቱ በመጨረሻ 1.5 ሚሊሜትር ያህል እንዲቀረው ጥልቀቱን ተጠንቅቃችሁ ለኩ። ከዚያ ከአፉ 4 ሚሊሜትር ድረስ ብቻ ወደ 10 አስፉ። ያ ከፒኑ በታች ያለው ግድግዳ ነው፤ እዚያ ወፍራም ብረት ሥራ የለውም።

የፒኑ ቀዳዳ የሚበሳው ውጩ ከመጨረሱ በፊት ነው። ቀዳዳ መብሳት ብረቱን በጥቂቱም ቢሆን ያንቀሳቅሳል፤ ዳሩንም ያነሳል። መጀመሪያ በ2.8 ፑንታ፣ ከዚያ በ3 ሚሊሜትር ሪመር (ቀዳዳን በትክክለኛ ልኩ በሚጨርስ መቁረጫ)። ቀዳዳው የፒስተኑን መሃል መስመር በትክክል ማቋረጥ፣ ከሱም ጋር 90 ዲግሪ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፒኑ ካጋደለ ፒስተኑ በአንድ ጎን ብቻ እየተሻሸ ይበላል፤ ፍትጊያው የቱንም ያህል ቢያምር ያንን አያድነውም።

ማጋደሉን ለማወቅ ረጅምና ቀጥ ያለ የ3 ሚሊሜትር ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ አሳልፉ። ፒስተኑ ገና ከዘንጉ ስላልተቆረጠ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሙት። የዘንጉን ሁለት ጫፎች ከፍታ ለኩ። በ40 ሚሊሜትር ርቀት ልዩነቱ ከ0.02 ከበለጠ ቁራጩን ጥላችሁ ሌላ ጀምሩ። ያኔ የጠፋው አንድ ሰዓት ነው፤ ከፍትጊያ በኋላ ቢታወቅ ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው የሚጠፋው።

የቢዬላው ጫፍ እንዲገባና እንዲወዛወዝ ከፒኑ ቀዳዳ ጋር በማቋረጥ ውስጡን 4 ሚሊሜትር ያህል ስንጥቅ አውጡ። ቢዬላው ከግድግዳው ጋር እንዳይነካካ በእጅ ሞክሩት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ፒስተኑን እንዳለ አሳድሩት። ካስት አይረን ከተቦረቦረ በኋላ ቅርጹን በጥቂቱ ይለውጣል። ለውጡን ቀድሞ ጨርሶ ይጠብቃችሁ። በማግስቱ ውጩን በሹል መቁረጫ፣ በቀጭን በቀጭን እየላጣችሁ ከሲሊንደሩ ልክ 0.03 ሚሊሜትር ወፍሮ እንዲቀር አውርዱት።

ክብደቱ ለምን ያሳስባል?

ይህን ሞተር በደቂቃ 12,000 ዙር አስቡት። ፒስተኑ በሰከንድ 200 ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ሲመለስ የሚደርስበት ኃይል ከክብደቱ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። 5 ግራም የሚመዝን ፒስተን በዚያች ቅጽበት ቢዬላውን ከ5 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይጎትታል። አንድ ግራም ስትቀንሱ ከቢዬላውና ከኮሎው (ቢዬላው ከሚያዞረው ዘንግ) ላይ አንድ ኪሎ ያህል አወረዳችሁ ማለት ነው። ንዝረቱ ይቀንሳል፤ ከንዝረት ጋር አብሮ የሚጠፋው ጉልበት ይመለሳል።

ታዲያ አታጋንኑት። አናቱን ከ1.2 ሚሊሜትር በታች አታሳሱ። የፒኑን መያዣም አትንኩ። ክብደት የሚወጣው ከታችኛው ግድግዳና ከውስጠኛው ማዕዘን ነው። የኮሎው ማመጣጠኛ ለአሮጌው ፒስተን የተሠራ ስለሆነ በጣም የቀለለ ፒስተን ተራውን ንዝረት ሊያመጣ ይችላል። ከአሮጌው አሥራ አምስት በመቶ ያህል ቢቀል እኔ በቂ ነው እላለሁ።

ፍትጊያው

ሥራው ሁሉ የሚፈረድበት እዚህ ነው።

መፈተጊያው ቀለበት ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከናስ ቁራጭ መሃሉን በፒስተኑ ልክ ብሱ። በአንድ በኩል ሰንጥቁትና ስንጥቁን የሚያጠብ ብሎን አድርጉበት። ርዝመቱ ከፒስተኑ ጋር እኩል ይሁን። ፒስተኑ አሁንም ከዘንጉ አልተቆረጠም፤ ዘንጉ መያዣችን ነው።

ቶርኖው ቀስ ብሎ ይዙር። 600 ቁጥር ዱቄት በዘይት ቀቡና ቀለበቱን በፒስተኑ ርዝመት ሁሉ አመላልሱት። ብሎኑን የምታጠብቁት ቀለበቱ ሲንሸራተት ትንሽ መጎተት እስኪሰማችሁ ብቻ ነው። የመቁረጫው መስመሮች ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ብረቱን በማየት ብቻ ወጣ ገባው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። መስመሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲጠፉ ወደ 1000፣ ቀጥሎም ከዚያ ወደሚልም ዱቄት፣ በየራሳቸው ቀለበት።

ሙቀትን አትርሱ። 12 ሚሊሜትር ካስት አይረን በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 1.3 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ፍትጊያውም የእጃችሁም ሙቀት ያሞቀዋል። ከመሞከራችሁ በፊት ፒስተኑንም ሲሊንደሩንም አንድ ዕቃ ነጭ ጋዝ ውስጥ አስቀምጡና እኩል እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ሞቅ እንዳለ ሲሞከር የጠበቀ የሚመስል ፒስተን፣ ትንሽ ሲፈተግ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ላልቶ ይገኛል።

መሞከሪያው ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለቱንም አጥባችሁ አድርቁ። ፒስተኑን ከታች አስገቡት። መጀመሪያ ላይ አፉን ብቻ ይነክሳል። እንደገና ፈትጉ። ቀጥሎ እስከ ግማሽ ይገባል። እንደገና ጥቂት። የምትቆሙት ንጹሕና ደረቅ ፒስተን በጣት ግፊት ሦስት አራተኛውን መንገድ ሄዶ ሲጠብቅ ነው። አሁን ቀጭን ዘይት ቀቡት። በአውራ ጣት ጠንከር ያለ ግፊት እስከ ላይ መድረስ አለበት። ደረቁን እስከ ላይ ያለ ችግር ካለፈ ግን ላልቷል፤ እሱን መመለሻ የለም።

አንድ ፈተና አለ፤ ፈታኙ እጃችሁ ነው። ሥራው ሊያልቅ ሲል ፒስተኑንና ሲሊንደሩን የመፈተጊያ ዱቄት ቀብቶ እርስ በርስ ማሻሸት ያምራል። ቶሎ ያልቃል፤ ለጊዜው ልስልስ ብሎም ይሄዳል። ግን ፍሬው ሁለቱንም እኩል ይበላል። ፒስተኑ ዳርና ዳሩ ይሳሳል፣ የሲሊንደሩም አፍ ይሰፋል። የሚገጥመው መሃሉ ብቻ ይሆናል። የመጨረሻውን መላመድ ለንጹሕ ዘይትና ለሞተሩ ተዉለት።

የአየር አያያዙን ለማየት ፒስተኑን በዘይት አርጥባችሁ አስገቡ፤ የሲሊንደሩን ላይ በአውራ ጣት ድፈኑ። ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። እንደ ሽቦ ስፕሪንግ ተመልሶ ቢመታችሁ ደስ ይበላችሁ።

መቁረጥ፣ ፒንና እጥበት

አሁን ፒስተኑን ከዘንጉ ቁረጡ፤ ለአናቱ ማስተካከያ 0.3 ሚሊሜትር ትርፍ ተዉ። አናቱን ለመጨረስ ፒስተኑን በቀጥታ ቻክ ውስጥ አትሰሩት፤ የቻኩ ጥርስ ቀጭኑን ግድግዳ ያጣምመዋል። በልኩ የተበሳና የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቀለበት አልብሳችሁ ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩት። የአናቱን ቅርጽ ከአሮጌው ቅዱ። የኮንትራ ፒስተኑ ሆድም በዚያው ቅርጽ የተሠራ ነውና ሁለቱ መጣጣም አለባቸው። የአናቱ ከፍታ መስኮቶቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ ይወስናል፤ የ0.1 ሚሊሜትር ስህተት በሞተሩ አሠራር ላይ ይታያል። የአናቱን ጠርዝ አታክብቡት። የታችኛውን አፍ ጠርዝ ብቻ በጣም በቀጭኑ ስበሩት።

ፒኑ ጠንካራ ብረት ነው፤ ጫፉ ሲሊንደሩን ከነካ ይቧጭረዋል። ስለዚህ ከፒስተኑ ስፋት አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጠር፤ በሁለቱም ጫፎች ላይ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ትንሽ ቆብ ይደረግለት። ዘይት ሲቀባ በአውራ ጣት የሚገባ ይሁን።

እጥበቱን እንደ ሥራ ቁጠሩት። በነጭ ጋዝና በብሩሽ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ አድርቆ ወዲያው ዘይት መቀባት። ካስት አይረን እርጥብ ከተተወ ይዝጋል። በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ግራጫ ምልክት ከቀረ እንደገና እጠቡ። የቀረች የመፈተጊያ ፍሬ ሞተሩ ውስጥ መፈተጓን አታቆምም።

ማስነሳትና ማለማመድ

የተለመደው ነዳጅ ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት እኩል እኩል ነው። ጉሎ በአገራችን በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ለሞተር ግን ከፋርማሲ የሚገዛውን የተጣራ ዘይት ተጠቀሙ። በቤት የተጨመቀው ዝቃጭ አለው። የጉሎ ዘይት የሚመረጠው ከፍተኛ ሙቀት ላይም ከብረቱ ላይ ስለማይሸሽ ነው።

ኤተር አደገኛ ነው። በባሕር ጠለል በ34.6 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ እዚያ በ27 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ የሞቀ ቀን ሙቀት ነው። ነዳጁን ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ቀላቅሉ። ዕቃው ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ ሞተሩን ከጠንካራ እንጨት ጋር በብሎን እሰሩ። 8 በ4 ፕሮፔለር (ስፋቱ 8 ኢንች፣ ፒቹ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት 4 ኢንች የሆነ) ይበቃዋል። ጣታችሁን በጎማ በተጠቀለለ ዱላ ተኩት። ሲነሳ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሁኑ፤ በጎኑ አትቁሙ። በኤሌክትሪክ ማስነሻ አትሞክሩ። ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ከተጠራቀመ ፈሳሽ አይታመቅምና ቢዬላው ይጣመማል።

መርፌውን ከፈት አድርጋችሁ፣ ብዙ ነዳጅ እንዲወስድ ፍቀዱለት። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ አጥፉትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ካስት አይረኑን የሚያለማምደው የመሞቅና የመቀዝቀዝ ምልልሱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ማሠራት አይተካውም። በጭስ መውጫው የሚወጣውን ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ያዙት። መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ያ የሚበላው ብረት ነው። እየቆየ ግራጫ፣ ከዚያ ጥርት ይላል። ጥርት እስኪል ድረስ መርፌውን አታጥብቡ። በድምሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሥራ ይወስዳል።

ከፍታ ቦታ ላይ ለምትኖሩ ሁለት ነገር ልጨምር። አየሩ ስለሳሳ ያው የመርፌ አከፋፈት ነዳጁን ያበዛዋል፤ ስለዚህ ከተለማመደ በኋላ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሠራበት ትንሽ ዘጋ ማድረግ ይፈልጋል። እምቅታውም ይቀንሳል፤ የኮንትራ ፒስተኑን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ሞተሩ ከባድ የመምታት ድምፅ ካሰማና ዙሩ ከወረደ አብዝታችኋል፤ ወዲያው መልሱ። ጉልበቱ ሩብ ያህል ቢቀንስ የሥራችሁ ጉድለት አይደለም። ባለ አነስተኛ ፒች ፕሮፔለር ቀይሩለት።

የቀኑን ሥራ ስትጨርሱ የነዳጅ ቱቦውን አላቁና የቀረው ነዳጅ እስኪያልቅ ይሥራ። በአየር መግቢያውና በጭስ መስኮቱ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ፕሮፔለሩን ጥቂት ዙር በእጅ አዙሩ። ከዚያ ፒስተኑ ታች ባለበት፣ መስኮቶቹ በጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጥ።